የአባሰንጋ በድን አይከፈትም፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አባሰንጋ (አንትራክስ) የተባለው ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ በሚመላለስባቸው ወረዳዎች የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ደጋግሞ የሚያየው፣ ሊለምደው ግን የማይገባው ስህተት በሞት አፋፍ ላይ ያለን በሬ «ሳይሞት እንባርከው» ብሎ ማረድ ነው። የባለቤቱ ጭንቀት ይገባኛል፤ የእርሻ በሬው የወደቀበት ሰው ሥጋውን በቅርጫ አከፋፍሎና ቆዳውን ሸጦ ጥቂት ገንዘብ ለማትረፍ መሞከሩ ከችግር የመጣ ነው። ይሁን እንጂ የበሽታው ባክቴሪያ፣ ባሲለስ አንትራሲስ፣ ባልተከፈተ በድን ውስጥ አየር ስለማያገኝ በመበስበስ ላይ በሚራቡ ሌሎች ባክቴሪያዎች ተሸንፎ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛው ይሞታል። ቆዳው ተገፎ ደሙ ሲፈስ ግን ኦክስጅን አግኝቶ ስፖር ወደሚባለው ጠንካራ ቅርጹ ይለወጣል፤ ስፖሩም ሐሩርንና ድርቅን ተቋቁሞ በአፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1942 አባሰንጋን በጦር መሣሪያነት የሞከሩባት የስኮትላንዷ ግሩይናርድ ደሴት፣ አፈሯ ፎርማልዲሃይድ በተባለ ጀርም ገዳይ ኬሚካል ታክሞ ከበሽታው ነጻ መሆኗ የታወጀው በ1990 ነበር። የግጦሽ መሬቱን እንዲህ የሚያጸዳለት የሌለው ገበሬ መሬቱ እንዳይበከል ያለው ዋና መከላከያ ቢላዋውን አለማንሳት ነው።

ይህ ስህተት የገበሬው ብቻ አይደለም። አዲስ የተመረቁ ባለሙያዎች የበሽታው ምልክት የሆነውን ያበጠና የጠቆረ ጣፊያ በዓይናቸው ለማየት በድኑን ሲከፍቱ አይቻለሁ፤ ከጆሮ ደም ሥር በጓንት የሚወሰድ ጥቂት ደም ለማይክሮስኮፕ ምርመራ በቂ ሆኖ ሳለ ይህን ማድረግ ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።

በድንገት የሞተን ከብት «ሆዱ ተነፍቶ ነው» ብሎ ማለፍም የተለመደ ነው። የማይረጋ ጥቁር ደም ከአፍንጫና ከፊንጢጣ ቢፈስ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ደም አለመታየቱ ግን ከበሽታው ነጻ ነው አያሰኝም።

በደንብ የተቀቀለ ሥጋ አይጎዳም የሚለው እምነት አደገኛ ነው። ስፖሩ ተራ ፍላትን ሊቋቋም ከመቻሉም በላይ ሥጋውን የሚቆራርጠው እጅ ድስቱ ከመጣዱ በፊት ይበከላል።

በድኑን ወደ ገደል መወርወር በሽታውን ለጅብና ለውሻ ማስረከብ ነው። ውሻ ከከብት ይልቅ በሽታውን ቢቋቋምም የተበከለ ሥጋ በልቶ ጉሮሮው ሊያብጥና ሊሞት ይችላል፤ ከዚያም በላይ የጎተተውን ቁራጭ እስከ ደጃፍ ያመጣዋል። በድኑ በቂ ማገዶ ካለ እዚያው ይቃጠል፤ ከሌለም ከውኃ ርቆ ሁለት ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ይቀበር።

ክትባትን በተመለከተ፣ ከብት መሞት ከጀመረ በኋላ መሯሯጥ ዘግይቷል፤ የመከላከል አቅም ለመገንባት ቀናት ስለሚያስፈልጉ በሽታው በሚታወቅበት አካባቢ በየዓመቱ አስቀድሞ መከተብ ይገባል። ቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባት ሕይወት ያለው ስፖር በመሆኑ ከፔኒሲሊን ወይም ከኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ማለትም ባክቴሪያን ከሚያጠቁ መድኃኒቶች፣ ጋር በአንድ ሰሞን ከተሰጠ መድኃኒቱ ክትባቱን ይገድለዋል። ስለዚህ የታመመው ይታከም፤ ጤነኛው ይከተብ።

በመጨረሻም፣ የታረደውን የነካ ሰው እጁ ላይ መሃሉ የጠቆረ ቁስል ሲያወጣ ስለማያመው ብቻ ችላ ይለዋል። ቁስሉ ሳይነካና ሳይፈርጥ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ ለሐኪሙም የሞተ ከብት መንካቱን ወይም መብላቱን ሳይደብቅ መናገር አለበት፤ ይህ ካልተነገረው ሐኪሙ ቁስሉን እንደ ተራ እባጭ ሊያየው ይችላል።