ከአጥንት ቀዶ ሕክምና በፊት የራስን ደም ማስቀመጥ

የዳሌ መገጣጠሚያ በሚቀየርበት ወይም የተጣመመ የጀርባ አጥንት በሚስተካከልበት ጊዜ ብዙ ደም ሊፈስ ስለሚችል፣ ቀኑ አስቀድሞ የተቆረጠለት ታካሚ የራሱን ደም ቀድሞ የሚያስቀምጥበት አሠራር አለ። ጎንደር ላይ ቀጠሮ የተያዘልዎት ከሆነ በመጀመሪያ የአጥንት ሐኪምዎን ደም ያስፈልግዎ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ደም ባንኩም ይህን አገልግሎት ይሰጥ እንደሆነ ያረጋግጡ። ተሰብሮ በአስቸኳይ ለሚገባ ሰው ግን ጊዜ ስለማይኖር ይህ አይሆንም።

ከሁሉ በላይ ቀኑን ማስላት ያስፈልጋል። ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ የሚቆየው፣ እንደተጨመረበት ፈሳሽ ዓይነት፣ ለ35 ወይም ለ42 ቀን ብቻ ነው፤ ቀድሞ የተሰጠው ቀኑ ያልፍበታል፣ ዘግይቶ የተሰጠው ደግሞ ታካሚውን የደም ማነስ ይዞት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንዲገባ ያደርገዋል። ስለዚህ አራት ሳምንት ያህል ሲቀር ተጀምሮ በሳምንት ከአንድ ከረጢት፣ ማለትም ከ450 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ባይበልጥ ይመረጣል፤ የመጨረሻውም ቢያንስ 72 ሰዓት ሲቀረው መጠናቀቅ አለበት። ቀጠሮው ከተራዘመ ደሙ ሊጣል ስለሚችል፣ በተለይ ከደባርቅ ወይም ከመተማ የሚመላለስ ሰው ቀኑ መጽናቱን ሳያረጋግጥ ባይጀምር ይሻላል።

አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም አይረን ይዞ ይወጣል። ይህን በጥቂት ሳምንት ውስጥ በምግብ ብቻ መተካት አይቻልም፤ በጾም ወቅት ደግሞ ይበልጥ ያስቸግራል። በመሆኑም ሐኪሙ ያዘዘውን የአይረን ክኒን ከመጀመሪያው ልገሳ በፊት ይጀምሩ፣ ከቡናና ከሻይ ጋርም አይውሰዱት። ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር፣ በዴሲ ሊትር ደም ከ11 ግራም በታች ከሆነ ደም አይሰጥም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች የነዋሪዋ ሄሞግሎቢን ከቆላ ሰው ከፍ ማለት ይገባዋል፤ ስለዚህ እዚህ 11 የተገኘበት ሰው ደም ከመስጠት ይልቅ የደም ማነሱን ምክንያት አስመርምሮ ቢታከም ይበጀዋል ብዬ አምናለሁ።

ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ያለበት፣ የልብ ቧንቧው የጠበበ ወይም ዕረፍት ላይ ሳለ ደረቱን የሚያመው ሰው መስጠት የለበትም።

የራስ ደም ከሌላ ሰው ከሚተላለፍ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ይጠብቃል፤ ከባክቴሪያ ብክለትና ከስም መሳሳት ግን አያድንም። ስለዚህ ከወንበሩ ከመነሳትዎ በፊት በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የእርስዎን፣ የአባትዎንና የአያትዎን ስም እንዲሁም የካርድ ቁጥርዎን ራስዎ ያንብቡ፤ ማንበብ ካልቻሉም አስታማሚዎ ጮክ ብሎ ያንብብልዎት።