በሙቀት ውስጥ ሲሮጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት በቂ ውሃ የጠጣ ሰው ሙቀት አይጎዳውም ብሎ ማመን ነው። ሰውነት በሩጫ ጊዜ የሚያመነጨውን ሙቀት የሚያስወጣው በዋናነት ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ስለሆነ፣ አየሩ በእርጥበት ሲሞላ ላቡ ሳይተን ይንጠባጠባል፤ ሙቀቱም በውስጥ ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዶሃ የተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ፀሐይን ለመሸሽ እኩለ ሌሊት ገደማ ቢጀመርም፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበቱም ከ70 በመቶ በላይ ስለነበር ከ68 ተወዳዳሪዎች 28ቱ አቋርጠዋል። ኢትዮጵያን የወከሉት ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ ሦስቱም ከእነዚህ መካከል ነበሩ። እንዲህ ባለ አየር ፍጥነትን መቀነስ ወይም ልምምዱን ማሳጠር ከማንኛውም መጠጥ ይበልጣል።

ከደጋ ወደ ቆላ ወርዶ በማግስቱ እንደለመዱት መሮጥም ሌላው አደጋ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሄደ ሯጭ፣ ጉልበቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ሰውነቱ ቶሎ ማላብንና ጨው መቆጠብን እስኪለምድ ድረስ ከ7 እስከ 14 ቀናት ያስፈልጉታል፤ በእነዚህ ቀናት ልምምዱ በአጭሩና በዝግታ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ሊጨምር ይገባል።

ውሃ አብዝቶ መጠጣት ጉዳት የለውም የሚለው እምነትም ልክ አይደለም። ከላቡ በላይ የጠጣ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም (በጨው ውስጥ የሚገኘው ንጥረ ነገር) ስለሚቀጥን አንጎሉ ሊያብጥ ይችላል፤ ራስ ምታቱ፣ ማስመለሱና መደናገሩ የሰውነት ውሃ እጥረት ስለሚመስልም ሌላ ውሃ ይሰጠዋል፤ ይህም ጉዳቱን ያባብሰዋል። መጠኑን ለማወቅ ከሩጫ በፊትና በኋላ በቀላል ልብስ መመዘን ይበቃል። የጎደለው 1 ኪሎ ግራም 1 ሊትር ገደማ ላብ ነው፤ ክብደቱ ከጨመረ ግን ከሚገባው በላይ ተጠጥቷል ማለት ነው። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ከ1.2 ኪሎ ግራም በላይ ከጎደለው በቀጣዩ ልምምድ በመሃል በመሃል ይበልጥ መጠጣት አለበት።

ክብደት ለመቀነስ ላስቲክ ለብሶ፣ በላዩም ወፍራም ቱታ ደርቦ መሮጥ በየሜዳው ስለሚታይ ልዩ ትኩረት ይሻል። የሚወጣው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም፤ የቀነሰውም ክብደት ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል፤ ላስቲኩ ግን ላቡ እንዳይተን አፍኖ ይይዛል። ይህን የሚመክር አሠልጣኝ ካለ ምክሩን አለመቀበል ይገባል። ውሃ ሳይጠጣ የሚጾም ሰው ደግሞ ከባዱን ልምምድ ከጾሙ መፍቻ ሰዓት በኋላ ቢያደርገው ይሻላል።

በመጨረሻም፣ ላቡ እየፈሰሰ ስለሆነ በሙቀት አልተመታም ብሎ መዘናጋት ሕይወት ያስከፍላል፤ በልምምድ ጊዜ በሙቀት የሚመቱ ብዙዎች እያላባቸው ነው የሚወድቁት። ሯጩ ከተንገዳገደ፣ ከዘባረቀ ወይም ያለ ምክንያት ከተቆጣ ቴርሞሜትር መፈለግ አያስፈልግም። ለአምቡላንስ በ907 እየተደወለ፣ ልብሱን አቅልሎ በጥላ ሥር ማስቀመጥና፣ ራሱን ደግፎ እስከ አንገቱ በቀዝቃዛ ውሃ ገንዳ መንከር፣ ገንዳ ከሌለ መላ አካሉን ውሃ እያፈሰሱ ማራገብ ይገባል። ፓራሲታሞል ይህን ሙቀት አያወርድም፤ ራሱን ባላወቀ ሰው አፍ ውሃ ማፍሰስም ያንቀዋል። ማቀዝቀዙ ወደ ሆስፒታል እስኪደርስ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም፤ በወደቀበት ቦታ ወዲያውኑ መጀመር አለበት።