ፖርታ ፖርቴሴ ሲወርዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሮም ከተማ እሑድ እሑድ የሚቆመው የፖርታ ፖርቴሴ ገበያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ ያለ ገበያ ነው። ስሙን ያገኘው በ17ኛው መቶ ዘመን ከተሠራው የከተማ በር ሲሆን፣ ድንኳኑና ጠረጴዛው ከበሩ ተነሥቶ በቪያ ፖርቱዌንሴ ላይ እየተዘረጋ እስከ ፒያሳ ኢፖሊቶ ኒዬቮ አካባቢ ይደርሳል። በዚህች ከተማ በኖርሁባቸው ዓመታት ከአገር ቤትም ከሌላም አገር የመጡ እንግዶችን ይዤ ብዙ ጊዜ ወርጃለሁ። የሚሳሳቱት በአብዛኛው በተመሳሳይ ነገር ስለሆነ፣ አስቀድሞ ቢነገራቸው ገንዘባቸውም ልባቸውም ይድን ነበር እያልሁ አዝናለሁ።

ብዙዎች «ከቅዳሴ መልስ እንሄዳለን» ይላሉ። ገበያው ግን ማለዳ ቆሞ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ይበተናል፤ ከቅዳሴ መልስ ምሳ ተበልቶ የሚደርስ ሰው የሚያገኘው ባዶ ካርቶንና የመንገድ ጠራጊዎችን ነው። አሮጌ ዕቃ የሚያሳድዱት ነጋዴዎች ጎሕ ሲቀድ መጥተው ደኅና ደኅናውን ይለቅማሉ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን መሳም የሚፈልግ ሰው ገበያውን ለሌላ እሑድ ቢያቆየው ይሻላል፤ ሁለቱን በአንድ ጠዋት ማድረስ አይቻልም።

በበሩ ገብቶ እዚያው መቅረትም ሌላው ስህተት ነው። በበሩ በኩል በብዛት የሚሸጠው አዲስ ካልሲ፣ የስልክ ሽፋንና ርካሽ ቦርሳ ነው፤ ይህን ያየ እንግዳ «ይኸው ነው እንዴ?» ብሎ ይመለሳል። አሮጌው ዕቃ፣ መጽሐፉ፣ ሳንቲሙና ፎቶግራፉ ያለው ወደ ውስጥ፣ በኒዬቮ አካባቢ ስለሆነ፣ 8 ቁጥር ትራም ይዞ በቪያሌ ትራስቴቬሬ በኩል ወርዶ ከዚያ ወገን መግባት ይቀላል። ሰልባጅ የሚፈልግ ሰው ግን በክምር በክምር የተቆለለውን ልብስ በመንገዱ ሁሉ ያገኘዋል።

ስለ ኪስ አውላቂዎች ብዙ አልናገርም፤ በትልቅ ገበያ ያደገ ሰው ያውቃቸዋል፤ ቦርሳውን ከፊቱ ያድርግ። ሦስት ቆብ ገልብጠው ኳሷ ከየትኛው ሥር እንዳለች የሚያስገምቱ ሰዎች ዘንድ ግን ለአፍታም ቢሆን አይቁም፤ ዙሪያውን ከበው ሲያሸንፉ የሚታዩት ሁሉ የአጫዋቹ ሰዎች ናቸው። የታወቀ ስም የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ቦርሳም አይግዛ፤ በጣልያን ሕግ የሚቀጣው ሻጩ ብቻ ሳይሆን ገዢውም ጭምር ሲሆን፣ ቅጣቱ እስከ 7,000 ዩሮ ይደርሳል። የተሰረቀ የሚመስልን ብስክሌት ወይም ስልክ ከየት እንደመጣ ሳያጣሩ መግዛትም በወንጀል ያስጠይቃል።

ዋጋ መከራከር ነውር አይደለም፤ በአሮጌ ዕቃ ላይ እንዲያውም ይጠበቃል። ነውሩ ሻጩ በተጠየቀው ዋጋ ከተስማማ በኋላ ትቶት መሄድ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ሽማግሌ ሻጭ በእንግዳዬ ተቀይመው ለእኔም ፊታቸውን ለወራት አዙረውብኛል።

እጅግ የሚያሳዝነኝና ደጋግሜ ያየሁት ስህተት ግን የጠገራ ብር ነገር ነው። አያቶቻችን በቅሎና በሬ የገዙበት፣ እያቀለጡም መስቀልና አምባር ያሠሩበት ይህ ብር በፖርታ ፖርቴሴ ጠረጴዛዎች ላይ አልፎ አልፎ ይገኛል። ሐበሻ እንግዳ ያነሣዋል፤ የንግሥቲቱን መልክ ያያል፤ ባለ ሁለት ራስ ንስር ወዳለበት ገጽ ገልብጦ 1780 የሚለውን ያነባል፤ ከዚያ በኋላ የሚነገረውን አይሰማም። ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ጋሼ የምላቸው እንግዳ «ይህማ ከቴዎድሮስም በፊት የነበረ ነው፤ ለልጅ ልጆቼ ይቀመጣል» ብለው፣ እጃቸውን ብይዛቸውም፣ 70 ዩሮ ቆጥረው ከፈሉ። ቤት ወስደን በወጥ ቤት ሚዛን ብናስቀምጠው 22 ግራም ብቻ ሆነ። ጋሼ ብዙ አልተናገሩም፤ ብሩን በመሐረባቸው ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት።

በብሩ ላይ መልኳ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ብሩ በቀይ ባሕር ዙሪያ ባለው ገበያ ሁሉ ተፈላጊ ስለነበርና ሰዉም ሌላ መልክ አልቀበልም ስላለ፣ ከሞተች በኋላ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖሯል። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1935 መምቻውን ከኦስትሪያ ተረክባ፣ አገራችንን ስትወር የምትከፍለውን ጠገራ እዚሁ ሮም ውስጥ አስመታች፤ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይም ተመትቷል። እንግዲህ በእጅዎ የያዙት ብር እውነተኛ ቢሆን እንኳ፣ ከአያትዎ መቀነት የወጣ ሳይሆን አያትዎን ለሚወጋው ጦር መክፈያ ተብሎ የተመታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዓመቱን ይተዉትና ጠርዙን ይመልከቱ። በእውነተኛው ጠገራ ጠርዝ ላይ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ዙሪያውን ጎልቶ ይነበባል፤ በቅርጽ ፈስሶ በተሠራው ሐሰተኛ ላይ ግን ጠርዙ ልሙጥ ወይም የደበዘዘ ይሆናል። ክብደቱም 28 ግራም ያህል ነውና፣ ለዚህ ገበያ የሚሄድ ሰው ትንሽ የኪስ ሚዛን ቢይዝ አይከብደውም። ገዝተው ሲገቡም በአመድም በሎሚም አይፈትጉት፤ የተፈተገ ብር ዋጋው ይወድቃል።

ፎቶግራፍን በተመለከተ ጥፋቱ የራሴም ነው። በወረራው ዘመን ኢትዮጵያ የነበሩ ወታደሮች ያነሧቸው ፎቶግራፎች ባለቤቶቻቸው ሞተው ቤታቸው ሲጸዳ ወደዚህ ገበያ ይመጣሉ። ከዓመታት በፊት ሦስት ሰዎች በድንጋይ ካብ ፊት የቆሙበትን፣ አንደኛው ጋሻ የያዘበትን ፎቶግራፍ ከነክፈፉ ገዛሁ። ክፈፉ ነቅዞ ስለነበር ፈታሁት፤ ጀርባውን የደገፈውን ካርቶንም ጣልሁት። በካርቶኑ ላይ በእርሳስ የተጻፉ አራት መስመሮች እንደነበሩ ያስታወስሁት ቆሻሻው ከተወሰደ በኋላ ነው፤ ከጽሑፉ ያነበብሁት «ደሴ» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። እነዚያን ሰዎች ዛሬ ማን ብዬ ልጥራቸው?

ስለዚህ የፎቶግራፉን ፊት ከማድነቅ በፊት ጀርባውን ያንብቡ። በሮማውያን ቁጥር የተጻፈ 14 ወይም 15 ቢያገኙ ቀን እንዳይመስልዎ፤ ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከእ.ኤ.አ. 1922 መጨረሻ ጀምረው የቆጠሩት የራሳቸው ዓመት ነው። 14 ማለት ከ1935 ኦክቶበር መጨረሻ እስከ 1936 ኦክቶበር መጨረሻ ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ጦራቸው አዲስ አበባ የገባበት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚሁ ውስጥ ይወድቃል። ሻጮች አልበሙን እየገነጠሉ አንድ በአንድ መሸጥ ይወዳሉ፤ አቅም ካለዎ አልበሙን ሙሉውን ይጠይቁ፤ ቅደም ተከተሉ ከጠፋ ቦታውም ሰዉም አብሮ ይጠፋልና። ከየትኛው ሠፈርና ከምን ዓይነት ሰው ቤት እንደወጣም ሻጩን እዚያው ቆመው ይጠይቁት፤ የነገረዎትንም በፎቶግራፉ ላይ ሳይሆን በሌላ ወረቀት ይጻፉት። በሚቀጥለው እሑድ ቢመለሱ ጠረጴዛው ላይ የሌላ ሰው ቤት ዕቃ ተዘርግቶበታል፤ ሻጩም የባለፈውን ሳምንት አያስታውሰውም።