ቮልሳችሁ ቤንዚን ቤንዚን ሲሸት

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ነው የሆነው። ሐረጎ ዳገት ላይ፣ ጠመዝማዛው መሃል። መጀመሪያ ቤንዚን ሸተተኝ። አሮጌ መኪና መቼም አይጠፋውም ብዬ ዝም አልኩ። ሁለት ኩርባ እንደወጣሁ ከኋላዬ ያለው ከባድ መኪና ጥሩምባውን አላቆም አለ። በመስታወት ሳይ፣ ከኋላ ካለው የሞተሩ ክዳን ስር ጭስ ይትጎለጎላል።

መኪናዋ አባቴ የተወልኝ ቮልስ ናት። እሳት ማጥፊያ ነበረኝ። ግን ያስቀመጥኩት ከፊት ባለው የዕቃ ክፍል፣ ትርፍ ጎማው ጋ ነበር። ዕቃ እያገላበጥኩ ስፈልግ ባለ ከባድ መኪናው የራሱን ይዞ ደረሰ። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። አንድ መንገደኛ ክዳኑን ሊከፍት እጁን ሲሰድ «ተው! እንዳትከፍተው!» ብሎ ጮኸበት። ዱቄቱን በክዳኑ የአየር ቀዳዳዎችና ከስር በኩል ነፋበት። ጠፋ።

ሲቀዘቅዝ ከፍተን አየነው። ጥፋቱ ያለው ስንዝር በማትሞላ ቱቦ ላይ ነው። ቤንዚን ሲያልፍ የምታሳይ፣ ነጭ የላስቲክ ቱቦ። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ጋራዥ ውስጥ የገጠሙልኝ ናት። በሙቀቱ ቢጫ ሆናለች። ጠርዟን ትንሽ አጠፍ ሳደርጋት እንደ ደረቅ መቃ ቀጭ አለች።

ቮልስ ያላችሁ፣ ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ክዳኑን ክፈቱና ይህን እዩ።

መጀመሪያ ቱቦው። የቮልስ ታንክ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው። ቤንዚኑ በብረት ቧንቧ ይመጣና መጨረሻ ላይ በጎማ ቱቦ ወደ ፓምፑ፣ ከዚያም ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡራተር ይገባል። ጎማውን በጣታችሁ ጨመቅ፣ አጠፍ አድርጉት። ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም እጃችሁ ላይ ሽታ ከተወ አውጡት። በጨርቅ የተሸፈነውንማ ይበልጥ ጠርጥሩት፤ ስንጥቁ ከጨርቁ ስር ተደብቆ አይታይም። ስትገዙ ለቤንዚን የተሠራ መሆኑን ጠይቁ። የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊሜትር ግድም ነው። ሁለቱንም ጫፍ በፋሸታ፣ በብረት ማጥበቂያ ቀለበት፣ አጥብቁት። በሽቦ ማሰር ይቅር። እኔ አሁን በየዓመቱ መስከረም ላይ እቀይራለሁ፣ ደህና ቢመስልም።

ከዚያ ቱቦው የሚሰካባትን የካርቡራተሩን የነሐስ አፍ ያዙና ቀስ ብላችሁ ነቅነቅ አድርጉ። ይቺ ነገር ተገፍታ የገባች ናት፣ ጥርስ የላትም። በዕድሜ ብዛት ትላላለች። እየተነዳ ከወለቀች ፓምፑ ቤንዚኑን የጋለ ሞተር ላይ ይረጨዋል። ከተንቀሳቀሰች ሳትሠራ ሞተር አታስነሱ። ባለሙያ ጥርስ አውጥቶላት በብሎን መልክ ያስገባታል።

ፊልትሮውን፣ የቤንዚን ማጣሪያውን፣ ብዙ መካኒክ ከላይ፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር አጠገብ ያንጠለጥለዋል። ብልጭታ ያለበት ቦታ ነው። ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ክፍል ከመግባቱ በፊት ወዳለው ቦታ፣ ወደ መኪናዋ ስር አዛውሩት። የብረቱ ቧንቧ የሞተሩን ክፍል ቆርቆሮ ሰንጥቆ የሚያልፍበት ቀዳዳ ላይም ጎማ መኖሩን እዩ። ከሌለ ቆርቆሮው ቧንቧውን እየፈገፈገ ይበሳዋል።

ባትሪውን አትርሱ። ከኋላ ወንበር ስር ነው። ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፍ ከነካ ወንበሩ ይቀጣጠላል። በማይነድና ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር ሸፍኑት።

ላዳ ያላችሁም ከዚህ አትወጡም። ካርቡራተሩ ከጭስ መውጫው በላይ ስለሆነ ጠብ ያለው ሁሉ የጋለ ብረት ላይ ነው የሚያርፈው።

አንድ የሚያስጨንቀኝ ልማድ አለ። የደሴ ጠዋት ብርድ ነው፣ መኪና እንቢ ይላል። ያኔ በካርቡራተሩ አፍ ቤንዚን ጠብ እያደረጉ ሌላው ቁልፍ ያዞራል። ሞተሩ ወደኋላ ከተፋ እሳቱ የሚመጣው ጠርሙሱን ወደያዘው ሰው ፊት ነው። እባካችሁ ተዉት። ካንዴላውን አጽዱ፣ ባትሪውን አስሞሉ።

እሳቱ ከተነሳ ቁልፉን አጥፉ፣ ሰው አስወርዱ። ሐረጎን የመሰለ ዳገት ላይ ከሆናችሁ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ክዳኑን አትክፈቱ፤ አየር ሲያገኝ ይብሳል። ውሃ አታስደፉ። ቤንዚን ውሃ ላይ ተንሳፎ እሳቱን ይዞት ይሄዳል። በዚያ ላይ የቮልስ ሞተር አካል ማግኒዚየም ያለበት ነው፤ እሱ ከተቀጣጠለ ውሃ ያጋግለዋል። ሞተሩ ቢጠፋም ከታንኩ የሚወርደው ቤንዚን ላይቆም ይችላል። ስለዚህ ማጥፊያው አልቆ እሳቱ ካልጠፋ ትታችሁ ራቁ። ቦርሳ ላውጣ ብሎ መመለስ የለም።

ለሹፌሩ የማጥፊያውን ማስሞያ ልክፈልህ ብለው እንቢ አለኝ። «ለራስህ ደህና ግዛና እጅህ የሚደርስበት እሰረው» ብሎኝ ሄደ። ባለ 2 ኪሎ የዱቄት ገዛሁ። አሁን ከጎኔ ካለው ወንበር ፊት በብረት ታስሯል። በወር አንዴ የግፊት መለኪያው ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑን አያለሁ፤ ዱቄቱ እንዳይጋገር ገልብጬ አራግፈዋለሁ።