ቤት ከመከራየታችሁ በፊት «ውሃው እስከ የት ደረሰ?» በሉ

ለሥራ ወደ ድሬዳዋ የምትዛወሩ ሰዎች፣ ቤት ስትፈልጉ «ሰፈሩ ጎርፍ አለው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ደላላውም አከራዩም «ኧረ ምንም የለም» ነው የሚሏችሁ። ሰፈሩ ውስጥ የከረሙ እናት ወይም ባለሱቅ ፈልጉና «በ1998ቱ ጎርፍ ውሃው እስከ የት ደረሰ?» በሏቸው። «አለ ወይ» በአንድ ቃል ይዘጋል። «እስከ የት» ግን ግድግዳውን፣ አጥሩን፣ መታጠፊያውን በእጅ ያስጠቁማል። እኔ ልጆች ይዤ ብገባ ከዚያ ምልክት በላይ ያለ ቤት ነው የምመርጠው፤ ኪራዩ ቢወደድም።

በዓይን ብቻ መፍረድ አደገኛ ነው። ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በበጋ ለሚያየው መንገድ ይመስላል። ጎርፉ የሚመጣው ላይ ደጋው ላይ ከሚጥለው ዝናብ ስለሆነ፣ ከተማው ሳይዘንብበትም ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሰው በተኛበት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሕይወት ቀጥፏል። ከዚያ ወዲህ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ቢሆንም ጠይቁ።

ዘዴው ለሌሎች ወንዝ ዳር ከተሞችም ይሆናል። አዲስ በተመራ ሰፈር ግን የሚያስታውስ ሰው ስለሌለ አይሠራም። ለመሬት መንቀጥቀጥም አትጠቀሙበት፤ ትልቁ ንዝረት በአንድ ሰው ዕድሜ አንዴም ላይከሰት ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ ለምሳሌ አዋሽ አካባቢ፣ ከጎረቤት ትዝታ ይልቅ የሕንፃውን አሠራር የሚያይላችሁ መሐንዲስ ይዛችሁ ሂዱ።