«ግማሽ ቶን አውርዱልኝ» ሲባል፦ ለኤሌክትሪክ ጊታር የክር ውፍረት እንዴት ይመረጣል?

ባህር ዳር ላይ ሠርግ የሚሠራ ጊታሪስት «ግማሽ ቶን አውርዱልኝ» (ቅኝቱን በአንዲት ትንሽ የድምፅ ደረጃ ዝቅ አድርጉልኝ) የምትለዋን ቃል ሳይሰማ ወር አያልፈውም። ድምፃዊውን ጉንፋን ይዞታል፣ ወይም ዘፈኑ ለድምፁ ከፍ ብሎበታል። ኪቦርዲስቱ ቅኝቱን የሚያወርደውን የትራንስፖዝ ቁልፍ አንዴ ይጫናል፣ አለቀ። ጊታሪስቱ ግን ስድስቱንም ክር አላልቶ እንደገና መቃኘት አለበት። ከዚያ ኮርድ ሲመታ ክሮቹ ፍሬቱን፣ ማለትም አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች፣ እየነኩ ይንጫጫሉ፤ ጠንከር አድርጎ ሲጫናቸው ደግሞ ድምፃቸው ከቅኝት ወደ ላይ ይሸሻል። እኔ ይህን የጊታሬ ችግር ነው ብዬ ለዓመታት ሳማርር ኖሬያለሁ። ችግሩ ያሰርኩት ክር ውፍረት ነበር።

በገና ላይ ንዝረቱ ተፈልጎ የሚመጣ ነው፤ እንዝራ የሚባለው ቁራጭ ቆዳ ከክሩ ሥር የሚገባው ለዚያ ነው። ጊታር ላይ እንዲህ ያለ ንዝረት ስትሰሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክሩ ለያዘው ቅኝት ልል ነው ማለት ነው።

ፓኬቱን ማንበብ

ፓኬት ላይ 9–42፣ 10–46 ወይም 11–49 ተብሎ ይጻፋል። የመጀመሪያው ቁጥር የቀጭኗ ክር፣ ሁለተኛው የወፍራሟ ውፍረት ነው፤ መለኪያው የኢንች አንድ ሺኛ ነው። 10 ማለት ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ነው። «ዘጠኝ ነው ያሰርኩት»፣ «አስር ነው» ስንባባል የቀጭኗን ክር ቁጥር ብቻ እየጠራን ነው። ሻጩ «ይኼ ቀጭን ነው» ቢላችሁም ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ። ለአኮስቲክ ጊታር የተሠራ፣ በነሐስ የተጠመጠመ ክር ደግሞ አትግዙ። የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ (ከክሮቹ ሥር ሆኖ ድምፃቸውን የሚቀበለው) በማግኔት ስለሚሠራ ነሐስ የተጠመጠመባቸውን ክሮች አድክሞ ነው የሚያወጣቸው።

መጀመሪያ ቅኝቱን ወስኑ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከሚወደው ጊታሪስት ነው። እኔ ከቅኝቱ ጀምሩ እላለሁ፤ ምክንያቱም የክሩን ጥንካሬ ከምንም በላይ የሚለውጠው እሱ ነው።

ሦስት ነገር ያዙ። ክርን ግማሽ ቶን ስታወርዱ የሚስብበት ኃይል በ11 በመቶ ይቀንሳል፤ ሙሉ ቶን ስታወርዱ 20 በመቶ ገደማ ይሄዳል። በተቃራኒው ቀጭኗን ክር ከ10 ወደ 11 ስታወፍሩ ኃይሏ በ21 በመቶ ይጨምራል። ሦስተኛው የጊታሩ ርዝመት ነው። ስትራቶካስተር (ስትራት) ዓይነቱ ከነት (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ ከሚያልፉበት ስንጥቅ ካለው ቁራጭ) እስከ ድልድይ (ገላው ላይ ክሮቹ ከሚያርፉበት) 25.5 ኢንች ሲሆን ሌስ ፖል ዓይነቱ 24.75 ገደማ ነው፤ በአጭሩ ላይ ያው ክር 6 በመቶ ያህል ይላላል። የጓደኛችሁ 10 ከእናንተ 10 ለስለስ ብሎ ቢሰማችሁ ጊታሩን ተመልከቱ።

በኪሎ ስናስበው ነገሩ ይበልጥ ይገባል። በ25.5 ኢንች ጊታር ላይ፣ በመደበኛው ቅኝት (ከወፍራሟ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ) 10–46 በድምሩ 47 ኪሎ ገደማ ይስባል። ግማሽ ኩንታል ጤፍ አንገቱን እየጎተተው ነው ማለት ምንም አልቀረውም። 9–42 ወደ 38፣ 11–49 ወደ 53 ኪሎ ይስባሉ። አሁን 10–46ን ግማሽ ቶን አውርዱት፤ 42 ይሆናል። ሙሉ ቶን አውርዱት፤ 37 ላይ ይደርሳል፤ ይህ በመደበኛ ቅኝት ካለው 9–42 ያነሰ ነው። የሚንጫጫው ለዚህ ነው። 11–49ን ግማሽ ቶን ስታወርዱት ግን 47 ኪሎ ላይ ያርፋል፤ እጃችሁ የለመደው ጥንካሬ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ከዚህ ተነስቼ የምመክረው ይህን ነው። ሁልጊዜ በመደበኛ ቅኝት የምትጫወቱ ከሆነ በ10–46 ጀምሩ። ባንዳችሁ ሁልጊዜ ግማሽ ቶን ወርዶ የሚጫወት ከሆነ 11–49 እሰሩ። ሙሉ ቶን ለሚወርድ፣ ሶሎ ለሚያበዛ ሰው 11–49 ይበቃል፤ ሪትም በኃይል የሚመታ ግን ወደ 12 ቢሄድ አይጸጸትም። ሮክ የሚጫወቱ ልጆች የሚወዱት ድሮፕ ዲ ላይ ደግሞ የምትወርደው ስድስተኛዋ፣ ማለትም ወፍራሟ፣ ክር ብቻ ስለሆነች ሁሉንም ማወፈር አያስፈልግም፤ 10–52 የሚባለውን ፓኬት ፈልጉ። 46ቷ ክር ወደ ዲ ስትወርድ 6 ኪሎ ላይ ትቀራለች፤ 52ቷ ግን እዚያው ዲ ላይ ሆና 8 ኪሎ ትይዛለች፤ ይህ 46ቷ ሳትወርድ የነበራት ነው።

በአንድ ሌሊት ሁለቱንም ቅኝት የምትጫወቱ ብዙ ናችሁ፤ አንዱ ድምፃዊ በመደበኛው፣ ሌላው ግማሽ ቶን ወርዶ። መድረክ ላይ ስድስት ክር እያላላችሁና እየወጠራችሁ አትሰቃዩ። 11–49 አስራችሁ ግማሽ ቶን አውርዳችሁ ቃኙ፤ መደበኛው ሲያስፈልግ ካፖ (ስድስቱንም ክር በአንድ ጊዜ የሚጫን መቆንጠጫ) የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ግጠሙ። ካፖን ጀማሪ ብቻ ነው የሚይዘው የሚሉ አሉ፤ አትስሟቸው።

ከዚያ እጃችሁን አድምጡ

ሰላም ስዩም በሮሃ ባንድ የመታቸውን ሶሎዎች እየሰማን ያደግን ሰዎች ትዝታ ስንጫወት እያንዳንዱን ድምፅ እንደ ማሲንቆ ልናስለቅሰው እንፈልጋለን። ያ የሚመጣው ክሩን ገፍቶ ድምፁን ከፍ በማድረግና በማንሸራተት ነው። አንቺሆዬ ላይ ደግሞ ድምፃዊው በፍሬትና በፍሬት መካከል ያለ ድምፅ ሲያወጣ ተከትላችሁ ልትሄዱ የምትችሉት ክሩ ለጣታችሁ ከታዘዘ ብቻ ነው። ለዚህ 9 ወይም 10 ጥሩ ነው። እንደ ክራር ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ለመምታት 10 ይሻላል፤ 9 ከፒኩ ሥር ስለሚዋዥቅ ምቱ አይጠራም። በችክችካ ሌሊቱን ሙሉ ሪትም የሚይዝ ሰው ግን 11 ይሰር። የጎጃም ሠርግ ጭፈራ ሲሟሟቅ እጅ ሳይታወቅ ይከብዳል፤ ቀጭን ክር ደግሞ በኃይል ሲመታ መጀመሪያ ከቅኝት ወደ ላይ ይዘላል፣ ከዚያ ይበጠሳል።

«ወፍራም ክር ወፍራም ድምፅ ይሰጣል» የሚለው አባባል ብዙ ወጣቶችን ጣታቸውን አስቆስሏል። ምሳሌ የሚደረገው 13 ያስር የነበረው የብሉዝ ጊታሪስት ስቲቪ ሬይ ቮን ነው፤ ግማሽ ቶን አውርዶ እንደሚቃኝ ግን አይነገርም። በሌላ በኩል ብላክ ሳባዝ በሚባለው የሮክ ባንድ ውስጥ ያንን ከባድ ድምፅ ያወጣው ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ በፋብሪካ አደጋ ስላጣ ቀጭን ክር ነበር የሚፈልገው። ድምፁ ከክሩ ይልቅ ከእጅና ከአምፕሊፋየር ይመጣል። ጣታችሁ ካመማችሁ አንድ ቁጥር ውረዱ።

ከባዱ ነገር፦ ድልድዩ

ክር መፍታትና ማሰር ታውቃላችሁ፤ እሱን አልነግራችሁም። ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ።

አንድ ዓመት ጥር ላይ፣ ሠርግ በሚበዛበት ሰሞን፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ጓደኛዬ 12–54 ፓኬት ይዞልኝ መጣ። እኛ ዘንድ የምንፈልገው ቁጥር ሁልጊዜ ስለማይገኝ በጣም ደስ አለኝ። ማታ ጣና ዳር ሠርግ ነበረን። ከሰዓት በኋላ ከስትራት ዓይነቱ ጊታሬ ስድስቱንም ክር በአንድ ጊዜ ፈትቼ አዲሱን አሰርኩ። ስድስተኛዋን ቃኝቼ ወደ መጀመሪያዋ ስመጣ ስድስተኛዋ ወርዳ አገኘኋት። እሷን ሳነሳ ሌሎቹ ወረዱ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ስዞር ክሮቹ ከፍሬቱ እየራቁ ሄዱ፤ እኔም የባሰ እወጥራለሁ። በመጨረሻ ቀጭኗ ተበጠሰች፤ ትርፍ አልነበረኝም። ሙሽሮቹ ሲገቡ በአምስት ክር፣ ከኪቦርዱ ጋር ባልገጠመ ቅኝት ነበር የምጫወተው። ድምፃዊቷ ዞር ብላ አየችኝ። ያቺን እይታ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። በማግሥቱ ታላቃችን የሆነው ቤዚስት ጊታሩን ገልብጦ «አንተ ልጅ፣ ሞላውን ማን ያጥብቅልህ?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትሬሞሎ (ድምፁን ለማወዛወዝ የሚገፋ ዘንግ) ያለው ድልድይ በሁለት ጎን ጉተታ መሀል የቆመ ነው፤ ከፊት ክሮቹ፣ ከኋላ በጀርባው ክፍት ውስጥ ያሉት ሞላዎች ይስቡታል። ወፍራም ክር ስታስሩ የፊቱ ያሸንፋል፤ ድልድዩ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ክሮቹ ከፍ ይላሉ፣ አንዷን ስትወጥሩ ሌሎቹ ይላላሉ። ቀጭን ስታስሩ ተቃራኒው ይሆናል፤ ድልድዩ ወደ ኋላ ይሰምጥና ክሮቹ ፍሬቱ ላይ ይተኛሉ።

ስለዚህ ክሮቹን በሙሉ አትፍቱ፤ አንዷን ፈትታችሁ በአዲሷ ተኩ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ስድስቱ ካለቁ በኋላ የጀርባውን ክዳን በካቻቢቴ ክፈቱ። ሞላዎቹን የያዘ ብረትና ወደ እንጨቱ የገቡ ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ታያላችሁ። ጊታሩን በምትጫወቱበት ቅኝት ቃኙት፤ ግማሽ ቶን ወርዳችሁ የምትጫወቱ ከሆነ በመደበኛው አትቃኙ፣ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ድልድዩ ወደ ፊት ካዘነበለ ክሮቹን ትንሽ አላሉና ሁለቱንም ብሎን እኩል፣ ግማሽ ግማሽ ዙር አጥብቁ። እንደገና ቃኙ፣ እንደገና ከጎን እዩት። አራት አምስት ጊዜ ይደጋገማል፤ አትቸኩሉ። ብዙ ጊታር ሦስት ሞላ ይዞ ይመጣል፤ ብሎኑ እስከ መጨረሻ ገብቶም ካልተመለሰ አራተኛ ጨምሩ።

የትሬሞሎውን ዘንግ የማትጠቀሙ ከሆነ (እኛ አካባቢ ሠርግ የሚሠራ አብዛኛው ሰው አይጠቀምም) ከዚህ ሁሉ የሚገላግል መንገድ አለ። ድልድዩ የጊታሩ ገላ ላይ ድፍት ብሎ እስኪቀመጥ ሞላውን አጥብቁት። ቅኝቱ ይረጋል፤ አንድ ክር ቢበጠስ እንኳ የቀሩት ከቅኝት አይወጡም። የእኔ ጊታር ከዚያ ሠርግ ወዲህ እንዲህ ነው።

እና የክር ውፍረት በሥራ ቀን አትቀይሩ። ቢያንስ ሦስት ቀን ስጡት።

የቀሩት

ነት ላይ ያለችው ስንጥቅ ለቀድሞው ክር የተለካች ናት። ወፍራሟ ክር ሳትገባ ላይ ከተቀመጠች፣ ወይም ስትቃኙ «ጢን» የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ቅኝቱ ድንገት ከዘለለ ተጣብቃለች። መጀመሪያ የእርሳስ ጫፍ ስንጥቋ ውስጥ አሹበት፤ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ልምድ ላለው ሰው ስጡ። በምላጭ ወይም በመጋዝ ስለት አታስፉት፤ አንዴ ከጠለቀ ክሩ ፍሬት ላይ ሳትጫኑት ሲመታ ይንጫጫል፣ ነቱም መቀየር አለበት።

ቀጥሎ አንገቱን እዩ። አንዱን ክር የመጀመሪያው ፍሬትና አንገቱ ከገላው የሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኑትና ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ ያለውን ክፍተት ተመልከቱ፤ ከቢዝነስ ካርድ ውፍረት ካልበለጠ ደህና ነው። ከበዛ አንገቱ ውስጥ ያለውንና አንገቱን የሚያቃናውን የብረት ዘንግ (ትራስ ሮድ) በብሩጎላ ቁልፍ ወደ ቀኝ ሩብ ዙር አዙሩ፤ ቀኑን አሳድሩትና ደግማችሁ እዩ። አልዞር ካለ በኃይል አትሞክሩ።

በመጨረሻ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን በስሱ ነክታችሁ የሚወጣውን ድምፅ ተጭናችሁ ከሚወጣው ጋር በስልክ መቃኛ አስተያዩ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ድልድዩ ላይ ያለውን የክሩን መቀመጫ ከአንገቱ አርቁ፤ ዝቅ ካለ አቅርቡ።

ሐይቁ ዳር ለምንጫወት ደግሞ ክር በላብና በእርጥበት ቶሎ ይዝጋል፤ በተለይ በክረምት እንጨቱም እርጥበት ስቦ አንገቱ ስለሚንቀሳቀስ ከላይ የነገርኳችሁን ፍተሻ ሐምሌ ላይ ድገሙት። ከጨዋታ በኋላ እያንዳንዱን ክር በደረቅ ጨርቅ ከላይም ከሥርም ጥረጉ። በጊታሩ ቦርሳ ውስጥ ያሰራችሁትን ቁጥርና ቀኑን በቁራጭ ወረቀት ጻፉና አስቀምጡ፤ ከጎኑም የዚያው ቁጥር ሁለት ትርፍ ቀጭን ክር ይኑር።