«እኔ ያዘዝኩት ይህን አይደለም» ሲባል፦ የሥራ ዝርዝር ችግርና መፍትሄ

የምሠራው በአዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ካቢኔት ነው።

ምልክት፦ ሥራው አልቆ ደንበኛው «እኔ ያዘዝኩት ይህን አይደለም» ይላል።

ምክንያት፦ ውሉ ላይ የሰፈረው «ነጭ፣ ዘመናዊ፣ ጥራት ያለው ካቢኔት» ብቻ ነው። በአንዲት እናት ቤት ገጥሜ ጨርሼ ሰጋቱራውን ስጠርግ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን አምጥተው ግራናይቱ ላይ አስቀመጡ። ልክክ አለ። ክዳኑን ሲያነሱት ግን ከላይኛው ካቢኔት ጋር ተጋጭቶ ቆመ። «ሰፌዱን በየት በኩል ላስገባ ልጄ?» አሉኝ። የላይኛውን ካቢኔት በራሴ ወጪ ነቀልኩት።

መፍትሄ፦ ሜትር ከመዘርጋታችሁ በፊት ወደ ወጥ ቤቱ የሚገባውን ዕቃ ሁሉ ጠይቁ፤ ምጣዱንም ክዳኑን ከፍታችሁ ለኩት። «የምጣድ ቦታ፣ ስፋቱ 75 ሳንቲሜትር፣ ከበላዩ ካቢኔት የሌለው» ብላችሁ ጻፉ። ነጭም ቢሆን ዓይነቱ ብዙ ነው። ካቢኔቱ ከሚሠራበት የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ፣ ከኤምዲኤፉ፣ ናሙና ወስዳችሁ ጀርባው ላይ ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ ከዚያ ፊርማዎቹን አቋርጣችሁ ለሁለት ቁረጡትና ግማሽ ግማሹን ያዙ።

ምልክት፦ ዝርዝሩ ስድስት ገጽ ሆኗል፤ ጭቅጭቁ ግን አልቀረም።

ምክንያት፦ ይህን የሠራሁት ከምጣዱ በኋላ ነው፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። የማጠፊያውን ስም፣ የብሎኑን ብዛት ሳይቀር ጻፍኩ። ደንበኛው ሳያነብ ፈረመ። ማጠፊያው ከመርካቶ ጠፋ፤ የተሻለ ስገጥም ያን ጊዜ ወረቀቱ ተነበበ።

መፍትሄ፦ ውጤቱን ጻፉ፣ አሠራሩን ለእጃችሁ ተዉት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2610 ሥራ ተቋራጩን የሚያስገድደው አንድን ውጤት በራሱ ኃላፊነት እንዲያስገኝ ነው። ስለዚህ «ሲለቀቅ ሳይጮህ በራሱ የሚዘጋ በር» ይበቃል። ከዓይን የተሰወረ ቢሆንም ዋጋ የሚለውጥ ነገር ግን ይጻፍ፤ ኤምዲኤፉ 18 ሚሊሜትር መሆኑ፣ ጀርባው ከዚያ የሳሳ መሆኑ። የውሃና የኤሌክትሪክ መስመር ማዞር በዋጋው ውስጥ ከሌለ ይህም ይጻፍ። ለአንድ ወጥ ቤት አንድ ገጽ ተኩልና አንድ ንድፍ በቂ ነው እላለሁ።

ምልክት፦ ቀሪው ክፍያ ይጓተታል።

ምክንያት፦ «ሥራው ሲያልቅ» ተብሏል፤ ማለቁን በምን እንደምታውቁት አልተነጋገራችሁም።

መፍትሄ፦ «በሮቹ ተስተካክለው፣ ሰጋቱራው ተጠርጎ፣ የምጣዱ ክዳን ተከፍቶ በታየ ዕለት» ብላችሁ ጻፉ።